ሎሚ ብጉር ላይ መቀባት ባክቴሪያ ይገድላል?

በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ነው፦ «ዶክተር፣ ሎሚ አሲድ አይደል? ብጉሬ ላይ ብቀባው ባክቴሪያውን አይገድልልኝም?»

ሐሳቡ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ጤናማ ቆዳ ራሱ ትንሽ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ 5 አካባቢ። በዚያ ላይ ቆዳችን ፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን የፕሮቲን ቁራጮች ያመርታል። አብዛኞቹ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ የባክቴሪያ ሽፋን ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ስለዚህ እንደ ማግኔት ተስበው ይጣበቁበታል፣ ሽፋኑን ይበሱታል፣ ውስጡ ያለው ፈስሶ ባክቴሪያው ይሞታል።

አሲድ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ሂስቲዲን የሚባል አሚኖ አሲድ የበዛባቸው ፔፕታይዶች ፒኤች ከ6 በታች ሲወርድ ተጨማሪ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያገኛሉ፤ ባክቴሪያውንም አጥብቀው ይይዙታል። ግን ሁሉም እንደዚህ አይደሉም! ቆዳችንም የመተንፈሻ አካላችንም የሚያመርቱት ኤልኤል-37 አሲድ ሲበዛበት ጥምዝ ቅርጹ ይላላና ይዳከማል። «በኮመጠጠ ቁጥር ይሻላል» የሚባል ነገር የለም ማለት ነው።

የሎሚ ጭማቂ ፒኤች ደግሞ 2 ገደማ ነው። ከ5 እስከ 2 ሦስት ደረጃ ብቻ ይመስላል፤ እያንዳንዱ ደረጃ 10 እጥፍ ስለሆነ ግን አሲድነቱ 1,000 እጥፍ ነው። ቆዳ ያቃጥላል። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ውሃ ሊቋጥር፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ሊተው ይችላል (ብጉሩ ይሻል ነበር!)።

ለብጉሩ ፋርማሲ ሄዳችሁ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጠይቁ። ዛሬ ሎሚ የቀባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ በብዙ ውሃ ታጠቡት፣ ከፀሐይም ራቁ።