ሰማንያው ከተቀደደ በኋላ

ሐይቅ ከተማም ሆነ አምባሰል ገጠር ባልና ሚስት ሲጣሉ ነገሩ በቅድሚያ ሽማግሌ ዘንድ ይደርሳል። ካልታረቁ «ሰማንያዋን ቀደደች» ይባላል፤ ከብቱና እህሉ እዚያው ይከፋፈላል፤ ልጆቹም አንዱ ወደ እናት፣ ሌላው ወደ አባት ይሄዳሉ። ብዙ ሰው ፍቺው በዚህ ያለቀ ይመስለዋል።

ቀድሞ እውነትም በዚህ ያልቅ ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ነበር፤ ጥፋተኛ የተባለው ወገንም ከንብረቱ ድርሻ ሊቀነስበት ይችል ነበር። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ተጋቢዎች በፍቺ ጊዜም እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና የአማራ ክልል አዋጅ ቁጥር 79/1995 ፍቺውን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ ለሽማግሌ የቀረው ማስታረቅ ነው። በሐይቅ አካባቢ ብዙው ሰው ሙስሊም ስለሆነ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም መንገድ ነው፤ ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች ሲስማሙ ብቻ።

የገጠሩ ዋና ሀብት መሬት ነው። በይዞታ ደብተሩ ላይ የሁለቱ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፎ ሲታይ፣ ማን ምን ድርሻ አለው የሚለው ክርክር ግማሹ ያልቃል።

አሁን የሚከብደው የዓረብ አገር ገንዘብ ነው። ሚስት ሰው ቤት ሠርታ ትልካለች፤ ባል ከተማ ውስጥ ቤት ይሠራል፤ ካርታው በእሱ ስም ይወጣል። በሕጉ በትዳር ዘመን በጉልበት የተገኘ ገቢ የጋራ ነው። በአንዱ ስም ብቻ የተመዘገበ ንብረትም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ እንደ ጋራ ይቆጠራል። ይህ ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ነው፤ ቤቱ የሁለቱ እንደሆነ ሁሉ፣ የእሷ ቁጠባም የሁለቱ ነው። ለእኔ ይህ ሁለተኛው መራራ ነው፤ ሕጉ ግን እንዲህ ነው። ከጋብቻ በፊት የተገኘ ወይም በውርስና በስጦታ የመጣ ንብረት የግል ሆኖ ይቀራል።

የልጆች ጉዳይ ከዚህ ይረቅቃል። የቀድሞው ሕግ ከባድ ምክንያት ከሌለ ልጅ እስከ 5 ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይቆይ ይል ነበር። በ1992ቱ ሕግ ይህ የዕድሜ ገደብ የለም። ዳኛው የወላጆችን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤናና አኗኗር፣ ከሁሉም በላይ የልጁን ጥቅም ያያል። ልጁን የማያሳድገው ወላጅ የመጠየቅ መብት አለው፤ ቀለብም ይቆርጣል። ለቀለብ የተወሰነ ተመን የለም፤ በገቢው ልክ ይወሰናል፤ ኑሮ ሲለወጥም እንዲሻሻል ይጠየቃል።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከስድስት ወር በኋላ ነው። በቃል የተስማሙበት ቀለብ ይቋረጣል፤ እናቲቱ ሽማግሌዎቹን ትጠይቃለች፤ እነሱም መምከር እንጂ ማስገደድ አይችሉም። ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ላይ ግን የአፈጻጸም መዝገብ ይከፈታል፤ ከደመወዝ ሊቆረጥ፣ በንብረት ላይ ሊፈጸም ይችላል። ስለዚህ ሽምግልናው እንዳለቀ የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አድርጋችሁ፣ የመሬት ደብተሩን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀትና የሐዋላ ደረሰኞቹን ይዛችሁ ወረዳ ፍርድ ቤት አስጸድቁት።