ገጸ ባሕርያችን መቼ ደረጃ ይውጣ?

ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ልጆቻችን ጠረጴዛ ከበው ሲጯጯኹ ያዩ ወላጆች «ይህ ደግሞ ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?» ይሉናል። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይመራል። ሌሎቹ አንዱ ተዋጊ፣ አንዷ አስማተኛ ሆነው «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔ እደበቃለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ዳይስ ይጣላል። እርስ በርስ መሸናነፍ የለም። የዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ቀዳሚ የሆነውን «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ አሳተሙት።

የሚያጨቃጭቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ ገጸ ባሕርይ በምን ያህል ፍጥነት ደረጃ ይውጣ?

በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው የዚህ ጨዋታ አምስተኛ እትም የልምድ ነጥብ ይቆጥራል። ሁለተኛ ደረጃ ለመድረስ 300 ነጥብ ይበቃል፤ ለሦስተኛው 900፣ ለአራተኛው 2,700፣ ለአምስተኛው 6,500 ያስፈልጋል። የመጨረሻው፣ ሃያኛው፣ 355,000 ይጠይቃል። መጀመሪያው የፈጠነው ያለምክንያት አይደለም፤ ጀማሪ የሚያጠናው ጥቂት ነው፣ ቶሎም ለውጥ ማየት ይፈልጋል። አምስተኛው ላይ ግን ተዋጊው በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ ይመታል፣ አስማተኛዋም የእሳት ኳስ መወርወር ትችላለች። በየቅዳሜው ደረጃ ብንሰጥ ያለፈውን ሳምንት ችሎታ ሳይሞክሩት ሌላ ይደረብበታል። ባለፈው ወር ያስፈራ የነበረው ሽፍታም መሣቂያ ይሆናል። በጣም ካዘገየን ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ይሰለቻል።

ደረጃ የሚባል ነገር የሌለውም ጨዋታ አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኮል ኦቭ ክቱሉ» ችሎታን ከመቶ ይለካል። በጨዋታው ውስጥ ተጠቅመህበት የተሳካልህን ችሎታ ምልክት ታደርግበታለህ፤ በኋላ እስከ መቶ የሚቆጥር ዳይስ ትጥላለህ፤ የወጣው ቁጥር ከችሎታህ ከበለጠ ችሎታህ ያድጋል። ስለዚህ 20 ያለው ሰው ከመቶ 80 ዕድል አለው፤ 90 ያለው ግን 10 ብቻ። አዋቂ ለመሻሻል ይቸገራል። ይህን ሕግ በጣም እወደዋለሁ።

የቅኔ ቤትም ዕድገትን በሥራ ይለካል። ተማሪው ባለሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና በትክክል እስኪቆጥር ድረስ መምህሩ ወደሚቀጥለው አያሳልፉትም፤ ባለስምንት ቤቱ መወድስ ገና ሩቅ ነው። አንዱ ሲፈጥን ሌላው ይዘገያል፤ ማንም አይጎዳም።

የእኛ ጠረጴዛ ግን በዚህ ከቅኔ ቤት ይለያል። አምስተኛ ደረጃ ያለው አጠገብ ሁለተኛ ደረጃ ያለው ቢቀመጥ ተመልካች ሆኖ ይቀራል። የቀረ ልጅ ደረጃ ሊያገኝ አይገባም የሚሉ ተማሪዎች አሉ፤ «እኛ ደክመን!» ይላሉ። ቅሬታቸው ይገባኛል። ሆኖም ልጁ የቀረው የሊሙሩ መንገድ ተዘግቶበት ወይም ቤተ ዘመድ ክርስትና ኖሮ ሊሆን ይችላል። ጨዋታው ያመለጠው ይበቃዋል፤ በእኔ አስተያየት ሁሉም አብሮ ይውጣ።

ለአሥራ ሁለት ቅዳሜ የማቀርበው ዕቅድ እንዲህ ነው። ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከሦስተኛው በኋላ ሦስተኛ፣ ከዚያ ወዲያ በየሦስት ቅዳሜው አንድ። አምስተኛው ደረጃ ከዘጠነኛው ቅዳሜ በኋላ ይደርሳል፤ አስማተኛዋም የእሳት ኳሷን የምትወረውርባቸው ሦስት ቅዳሜዎች ይቀሯታል።