«ጥናት አረጋግጧል» ሲሏችሁ «ስንት ጥናት?» በሉ፦ የትራኮማ ነገር



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ከተለያየ ሰው ደረሰኝ። አንዱ ከእብናት፣ አንዱ ከእስቴ፣ ሌላዋ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ጋፋት አካባቢ ተወልዳ አሁን አዲስ አበባ የምትኖር እህት ናት። ሲጨመቅ ይህ ነው፦ «ዶክተር፣ ፊት መታጠብና ሽንት ቤት ለትራኮማ ምንም እንደማይጠቅም ዋግ ኽምራ ላይ የተሠራ ጥናት አረጋግጧል እየተባለ ነው። እውነት ነው?» እህታችን አንድ ጨምራለች፦ «እናቴ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ እየነቀለች ነው የምትኖረው። ኦፕሬሽን ቢሠሩሽም ተመልሶ ይበቅላል ስላሏት እምቢ ብላለች። ምን ልበላት?»

የሁለቱም መልስ አንድ መንገድ ላይ ስለሚገኝ አብሬ ልመልስ። በመጀመሪያ፣ ጥናቱ አለ። የፈጠራ ወሬ አይደለም። ጥያቄው እሱን ብቻ ይዘን ምን እናድርግ የሚለው ነው።

ትራኮማን፣ ብዙዎቻችን የዓይን ማዝ የምንለውን፣ ለእኛ አካባቢ ሰው ማስተዋወቅ አያስፈልግም። ክላሚዲያ የሚባል ባክቴሪያ የሕፃናትን ዓይን ደጋግሞ ያጠቃል፤ የዓይን ቆብ ውስጡ እየጠባሰ ይሄዳል፤ ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል፤ ያ መፋቅ ነው የሚያሳውረው። በደቡብ ጎንደር መድኃኒቱ ለሕዝብ መታደል ከጀመረ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖትም በሽታው ያልለቀቃቸው ወረዳዎች ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው አራት ነገር አንድ ላይ ነው፦ የቆብ ቀዶ ሕክምና፣ አንቲባዮቲክ፣ የፊት ንጽሕና እና የአካባቢ ንጽሕና። አራቱም በአንድ መመሪያ ላይ ጎን ለጎን ስለተጻፉ ማስረጃቸው እኩል ይመስላል። እኩል አይደለም።

ይህን የምናውቀው ሲስተማቲክ ሪቪው በሚባለው ሥራ ነው። ስልታዊ የጥናቶች ግምገማ እንበለው። አሠራሩ ከሽምግልና ብዙ አይርቅም። ጥሩ ሽማግሌ መጀመሪያ የተናገረውን ሰምቶ አይፈርድም፤ ጎረቤቱንም፣ ዝም ያለውንም ያስጠራል፤ ማን ምን ጥቅም እንዳለው ይመረምራል። ገምጋሚዎቹም ጥያቄያቸውን አስቀድመው ይጽፋሉ። በጉዳዩ ላይ የተሠራውን ጥናት ሁሉ፣ ውጤቱ የማያስደስተውንም ጭምር፣ ይፈልጋሉ። ሁለት ሰው ለየብቻ ያጣራል። ጥናቱ በዕጣ የተከፋፈሉ ሰዎችን ነው ያወዳደረው ወይስ እንዲሁ ያየውን ነው የዘገበው? መካከል ላይ ጥለው የወጡት ስንት ናቸው? ከዚያ የሚደመረውን ይደምሩና «በዚህ ላይ እርግጠኝነታችን ከፍተኛ ነው»፣ «በዚህ ላይ ደካማ ነው» ብለው ይጽፋሉ። ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህች የመጨረሻዋ ናት። የፌስቡክ ቪዲዮ እርግጠኝነቱ ደካማ ነው ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

አርቺ ኮክሬን የሚባል ስኮትላንዳዊ ሐኪም እ.ኤ.አ በ1979 ሙያችን እንዲህ ያለ በየጊዜው የሚታደስ ማጠቃለያ የሌለው መሆኑን አጥብቆ ነቅፎ ነበር። በስሙ የተጠራው ኮክሬን የተባለው ድርጅት በ1993 ኦክስፎርድ ላይ ተቋቋመ። ዛሬ መመሪያ የሚያወጣ ሁሉ መጀመሪያ ከሚያያቸው ቦታዎች አንዱ ነው።

እሺ፣ ወደ ትራኮማችን። አንቲባዮቲኩ ላይ ግምገማዎቹ ጠንካራ ናቸው። ለማኅበረሰቡ በጅምላ ሲሰጥ ኢንፌክሽኑን ይቀንሳል፤ አንድ ጊዜ የሚዋጠው አዚትሮማይሲን ለሳምንታት ከሚቀባው ቴትራሳይክሊን አያንስም። ስለዚህ የዕደላ ቡድን ሲመጣ ልጆቻችሁን አትደብቁ።

ፊት መታጠብ ላይ የመጣው ግምገማ ግን ሊያስገርማችሁ ይችላል። ኮክሬን እ.ኤ.አ በ2015 ባደሰው ግምገማ መስፈርቱን ያሟሉት ጥናቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ከታንዛኒያ፣ አንዱ ከአውስትራሊያ፣ ሁለቱም ተደምረው 2,560 ሰው። የታንዛኒያው ከቅባት ጋር ሲሆን ከባዱን ትራኮማ ቀንሷል አለ፤ የአውስትራሊያው ማጠብ ብቻውን ሲሆን ጥቅሙን አላየም። ዓለም ሁሉ ለዓመታት ሲያስተምረው የኖረው ነገር በሁለት ጥናት ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ሽንት ቤት ላይም በጎንቻ ሲሶ እነሴ፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ከመድኃኒት ዕደላ በኋላ ሽንት ቤት የተስፋፋባቸው ቀበሌዎች ከሌሎቹ የተለየ ውጤት አላሳዩም።

እንግዲህ የዋግ ኽምራው ጥናት የመጣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። 40 የገጠር መንደሮች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለግማሾቹ የውሃ ቦታ ተሠራ፣ ሳሙናና መታጠቢያ ተሰጠ፣ ቤት ለቤት ትምህርት ተሰጠ። ከሦስት ዓመት በኋላ የሕፃናቱ የዓይን ኢንፌክሽን በሁለቱም ወገን ያው ሆነ። እ.ኤ.አ በ2022 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ ላይ ታትሟል። ጥሩ ጥናት ነው፤ የእኛው ደጋ፣ የእኛው ሕዝብ።

ታዲያ መታጠብ ይቅር? አይቅር! ጥናቱ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ የዓይን ክላሚዲያ ይቀንሳል ወይ የሚለውን። ሳሙና ሌላም ሥራ አለው። እጅ መታጠብን ማስተማር የሕፃናትን ተቅማጥ ወደ 30 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ላይ የቆመ ሌላ ግምገማ አለ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ጥናት ይዞ የሳሙናና የውሃ በጀት ይታጠፍ የሚል ከመጣ ይህን መልሱለት። በሌላ በኩል ግን የተቆፈረ ሽንት ቤት ቆጥሮ «ትራኮማን ቀነስን» ብሎ ሪፖርት መጻፍም ማስረጃ የለውም። እንስራ ተሸክማ ሰዓት የምትጓዝን እናት «ልጅሽ የታመመው ስላላጠብሽው ነው» ብሎ መውቀስማ ከማስረጃም፣ ከሰውነትም የራቀ ነው።

ጥናት አንድ ሲሆን ጥቅምንም ሊያጋንን ይችላል። እዚያው ጎንቻ ሲሶ እነሴ በተሠራ ሌላ ጥናት፣ እ.ኤ.አ በ2009 የታተመ፣ አዚትሮማይሲን በታደለባቸው ቀበሌዎች የሕፃናት ሞት በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። ተአምር ነው ተባለ። ከዚያ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ እጅግ በሚበልጥ ቁጥር ሲሞከር፣ በ2018 የወጣው ውጤት 13.5 በመቶ ሆነ። አሁንም ትልቅ ነገር ነው፤ ግማሽ ግን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 ማስረጃዎቹን ሰብስቦ ሲመክር፣ መድኃኒቱን የሚላመድ ጀርም መፈጠሩንም አስቦ፣ ለሁሉም ሕፃን ይታደል አላለም፤ የሕፃናት ሞት በጣም ከፍ ባለበት አካባቢ ሊታሰብ ይችላል ነው ያለው። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚባለው ለጥናትም ይሠራል።

አሁን ወደ እናታችን ወረንጦ። እዚህ ላይ ማስረጃው ከሩቅ አገር የመጣ አይደለም፤ ብዙው የተገኘው ከአማራ ክልል እናቶችና አባቶች ዓይን ነው።

ገና ጥቂት ሽፋሽፍት፣ ከስድስት በታች፣ የታጠፈባቸው 1,300 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሹ ቀዶ ሕክምና ተሠራላቸው፣ ግማሹ ጥሩ ወረንጦና ሥልጠና ተሰጥቷቸው መንቀሉን ቀጠሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ የባሰባቸው፣ ከተሠሩት 2.2 በመቶ፣ ከሚነቅሉት 13.2 በመቶ ነበሩ። በዕይታ ላይ ግን በዚያ ጊዜ ውስጥ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ቀዶ ሕክምናው ይሻላል፤ ጥቂት ሽፋሽፍት ብቻ ታጥፎበት ፈጽሞ እምቢ ያለ ሰው ግን በጥሩ ወረንጦ፣ ዓይኑ በደንብ በሚያይ ሰው እጅ መንቀሉ ከምንም ይሻላል። ጫፉ የማይገጥም የገበያ ወረንጦ ፀጉሩን ከሥሩ አይነቅለውም፣ ይሰብረዋል። የተሰበረው ጉቶ ደግሞ ብሌን ላይ እንደ ቃጫ ነው።

«ተመልሶ ይበቅላል» የተባለው ውሸት ነው አልልም። እዚህም የግምገማው ጥቅም ይታያል። ለረጅም ጊዜ የሚመከረው የቆቡን ሙሉ ውፍረት ቀዶ ማዞር ነበር። ከውስጥ በኩል ብቻ ቀዶ የሚያዞር ሌላ ዘዴ እያለ፣ ሁለቱን ፊት ለፊት ያወዳደረ ትልቅ ጥናት አልነበረም። ዶክተር እስማኤል ሀብታሙና ባልደረቦቻቸው እዚሁ ክልላችን 1,000 ሰዎች ላይ አወዳድረው እ.ኤ.አ በ2016 አሳተሙ። በአንድ ዓመት ውስጥ በአሮጌው ዘዴ 22 በመቶ፣ ከውስጥ በሚቀደው 13 በመቶ ላይ ተመለሰ። ለእናታችሁ ስትነግሯት እንዲህ በሏት፦ ከመቶ ሰው ወደ 87ቱ ላይ በዓመት ውስጥ አልተመለሰም፤ ከተመለሰም እንደገና ይሠራል።

ብዙ ጊዜ ከትልልቅ እናቶች የምሰማው ሌላ ጥያቄ አለ፦ «ልጄ፣ ዋናው ሐኪም ነው ወይስ ነርስ ነው የሚሠራኝ?» ነርስ ከሆነ መመለስ ይፈልጋሉ። እኔም «እማማ፣ አይስጉ» እላለሁ፣ ዝም ብሎ ለማጽናናት ግን አይደለም። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ በ2004 በታተመ ጥናት የዓይን ስፔሻሊስቶችና ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ባለሙያዎች የሠሯቸው በዕጣ ተለይተው ሲወዳደሩ ውጤታቸው ተመሳሳይ ነበር፤ የኮክሬን ግምገማም ይህን ጥናት አካትቶታል። ሥራው ማደንዘዣ ተወግቶ በአጭር ሰዓት ያልቃል፣ ሰውየው በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል።

እንዲህ ያለ ግምገማ ለመሥራት ፈረንጅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ የተሰማራ ማዕከል አለ። ተማሪ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ጠይቁ፣ ተማሩት።

ለእህታችን፦ እናትሽን ራስሽ ብትወስጃት ይመረጣል፣ ብቻዋን አትሄድም። የዓይን ሕክምና ያለበት ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ የቀበሌያችሁ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ታውቃለች፤ የዘመቻ ቀን ካለም ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ካየሽ፣ ወይም ብርሃን ማየት ካቃታት፣ ዘመቻ ሳትጠብቂ በዚሁ ሳምንት አምጫት።