ዋናውን ሳይነኩ ፍሬውን መብላት
በሰሜን ሸዋ ደጋ ስለ ዘላቂ ንግድና ስለ ገንዘብ አዋዋል

ገንዘብ ያለው ሰው ገንዘቡን በአንድ ሥራ ላይ ለማዋል ሲያስብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም «በዓመቱ መጨረሻ ስንት ያተርፍልኛል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ትርፍ የሌለው ንግድ ውሎ አያድርምና። ነገር ግን ሁለተኛ ጥያቄም አለ፤ እርሱም «ይህ ትርፍ የተገኘው ከምን ላይ ተቀንሶ ነው?» የሚለው ነው። ትርፉ የተገኘው ከመሬቱ ልምላሜ፥ ከሠራተኛው ጤና ወይም ከልጆቻችን ድርሻ ተቀንሶ እንደ ሆነ፥ ስሙ ትርፍ ተባለ እንጂ በእውነቱ ዋናውን መብላት ነው።

ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ የሚጠይቅ የገንዘብ አዋዋል በዛሬው ዘመን «ኢምፓክት ኢንቨስትመንት» ይባላል። ስያሜው የወጣው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 የሮክፌለር ፋውንዴሽን በኢጣልያ አገር በቤላጅዮ በጠራው ስብሰባ ላይ ነው። ይህ አዋዋል ከምጽዋትም ከተራ ንግድም የሚለይባቸው ሦስት ምልክቶች አሉት። አንደኛ፥ ባለገንዘቡ ለሰው ወይም ለመሬት የሚሆነውን ጥቅም ከመጀመሪያው አስቦ ይነሣል። ሁለተኛ፥ ገንዘቡ ከነትርፉ፥ ቢያንስ ዋናው እንኳ እንዲመለስለት ይጠብቃል። ሦስተኛ፥ የተገኘው ጥቅም በግምት ሳይሆን በመለኪያ እንዲታወቅ ይፈልጋል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ሐሳቡ ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ከመንዝ እስከ ደብረ ብርሃን ያለውን ደጋ ምሳሌ አድርገን፥ ነገሩ በሣር፥ በበግና በጠጉር ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት እንሞክራለን።

1. ከጓሳ ሣር የምናገኘው ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ፥ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሰፊ የጓሳ ሣር ምድር ይገኛል። ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የአገሩ ሰው ከዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፥ ገመድ ይገምዳል፥ ለዝናብ ገሣ ይሠራል፤ ድርቅ በሚሆንበት ጊዜም ከብቱን ያሰማራል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳም የሚኖሩት በዚሁ ምድር ነው።

ይህን ምድር ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የጠበቀው ቄሮ የሚባለው ሥርዓት ነበር። ባለመብቶቹ አገሩን ያቀኑት አባቶች፥ የአስቦና የጌራ ተወላጆች ሲሆኑ፥ አለቃቸውን አባ ቄራን ራሳቸው ይመርጡ ነበር። ጓሳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል፤ ሣሩ በሚገባ ካደገ በኋላ በበጋው ወራት ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል፤ ክረምቱ ሲቃረብም መልሶ ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ ገብቶ የተገኘ ይቀጣል።

በንግድ ቋንቋ ብንተረጉመው፥ ምድሩ ዋና ገንዘብ ነው፤ በየጥቂት ዓመቱ የሚታጨደው ሣር ወለዱ ነው፤ መዝጋቱ ደግሞ ወለዱ ሳይደርስ ዋናው እንዳይነካ የተደረገ ውል ነው። ውሉ ሦስት ነገሮችን አሟልቶ ነበር፤ ባለመብቱ ማን እንደ ሆነ ይታወቃል፥ ወሰኑና ጊዜው ይታወቃል፥ የሚጠብቅና የሚቀጣ አካልም አለ።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የርስት መብት በሙሉ ሲሽር የቄሮ ሥርዓትም መሠረቱን አጣ። አዋጁ ለጭሰኛው ያስገኘው ነጻነት ታላቅ መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ጓሳው ጠባቂው ባልታወቀበት ጊዜ ጉዳት ደረሰበት። ከዚህ የተነሣ በአካባቢው ያሉት ቀበሌዎች ሕዝብ በአዲስ መልክ ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን ቀጠለ፤ ዛሬ ጓሳ በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ሥፍራ ሆኖ ይታወቃል፤ ለጎብኚዎች ማረፊያም ተሠርቶለታል። ስለዚህ ጓሳ የሚያስተምረን «የጥንቱ ይመለስ» የሚለውን አይደለም። የሚያስተምረን፥ ሀብት የሚቆየው ጠባቂው ከጥቅሙ ተካፋይ ሲሆን ነው የሚለውን ነው።

2. የአውራ በጉ ነገር

የመንዝ በግ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ብርድንና የመኖ እጥረትን የሚችል፥ ጠጉሩም ለሥራ የሚሆን በግ ነው። ገብስ በውርጭ ሲመታ ገበሬው የሚተማመነው በበጉ ነው።

አሁን አንድ ችግር እንመልከት። ለበዓል ገበያ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ፈጥኖ ያደገው ጠቦት ነው። ገበሬውም ብር ስለሚቸግረው እርሱን አስቀድሞ ይሸጣል። በመንጋው ውስጥ የሚቀረውና የሚያስወልደው ዘግይቶ ያደገው ይሆናል። እያንዳንዱ ገበሬ ትክክል አስቦ ሲሠራ የመንደሩ መንጋ በጠቅላላው እያነሰ ይሄዳል። ይህ ዋናውን መብላት ነው፤ ግን የሚታይ አይደለም፥ በጎቹ ቁጥራቸው አልጎደለምና።

በሒሳብ ለማየት እንዲህ እንበል። አንድ የተመረጠ አውራ በግ በዓመት ለ25 እናት በጎች ቢያገለግል፥ ከእያንዳንዷም አንድ ግልገል ለሽያጭ ቢደርስ፥ እያንዳንዱም ግልገል በአባቱ ምክንያት 1 ኪሎ ብቻ ቢጨምር፥ መንደሩ በዓመት 25 ኪሎ፥ በሁለት ዓመት 50 ኪሎ ያገኛል። ያው ጠቦት ለፋሲካ ተሸጦ ቢሆን ኖሮ ከሌላው ጠቦት የሚበልጠው በጥቂት ኪሎ ብቻ ነው። ታዲያ ገበሬው ለምን ይሸጠዋል? 50 ኪሎው ለብዙ ቤት ተከፋፍሎ የሚደርስ ሲሆን፥ የዛሬው የገበያ ዋጋ ግን የሚቀርበት ለእርሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው።

መፍትሔው ገበሬውን መምከር ብቻ ሊሆን አይችልም፤ የሚቀርበትን መክፈል ያስፈልጋል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2009 ጀምሮ ዓለም አቀፍ የምርምር ድርጅቶች ከደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከል ጋር በመሐል ሜዳና በሞላሌ አካባቢ ማኅበረሰብ አቀፍ የበግ ማሻሻያ ሥራ ጀምረዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። ገበሬዎቹ ተሰብስበው አውራውን ከክብደቱ መዝገብና ከመልኩ አይተው ራሳቸው ይመርጣሉ፤ አውራውም በጋራ ያገለግላል። ለዚህ የሚሆን ተዘዋዋሪ ገንዘብ ሲኖር ማኅበሩ ጠቦቱን በገበያ ዋጋ ከባለቤቱ ይገዛል፤ አውራው አገልግሎቱን ሲጨርስ ይሸጥና ገንዘቡ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። እንግዲህ ሁለት ፍሬ የሚጠበቅበት ገንዘብ ማለት ይህ ነው፤ ገንዘቡ አልጠፋም፥ መንጋውም ተሻሽሏል፥ ጥቅሙም በሚዛን ይታወቃል።

3. ጠጉሩና ሥራ ፈጣሪው

በመንዝ ሴቶች የበጉን ጠጉር በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች በርኖስ፥ ባናና ምንጣፍ ይሠራሉ። በደብረ ብርሃን ደግሞ በ1957 ዓ.ም. የሱፍ ፋብሪካ ተመርቆ የብርድ ልብስና የምንጣፍ ሥራ በመኪና ተጀምሯል። የእጅና የመኪና ሥራ በአንድ አውራጃ ጎን ለጎን መኖራቸው ለሥራ ፈጣሪ ሰው ጥሩ የመነሻ ቦታ ነው።

እንግዲህ አንድ ወጣት በዚህ ጠጉር ምንጣፍ አሠርቶ በአዲስ አበባ ለመሸጥ ቢነሣ፥ ትርፉን የሚጨምርበት ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ለፈታይዋ የሚከፍለውን መቀነስና ብዙ ጠጉር በርካሽ መሰብሰብ ነው። በዚህ ዓመት ያተርፍ ይሆናል። ነገር ግን የፈታይዋ ድካም ዋጋ ካጣ ልጇ እንዝርቱን አትይዝም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነጋዴው የሚያሠራው ሰው ያጣል። ጠጉርም በብዛቱ ብቻ ከተገዛ ገበሬው በግ እያበዛ ግጦሹን ያጠባል።

ሁለተኛው መንገድ በጥራት መግዛት ነው። ታጥቦና በየቀለሙ ተለይቶ ለቀረበ ጠጉር፥ እኩል ሆኖ ለተፈተለ ፈትል ተጨማሪ መክፈል ነው። ያን ጊዜ ያው የበግ ቁጥር የበለጠ ብር ያስገኛል፤ ምንጣፉም ጥሩ ሆኖ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው መንገድ ገቢ የሚያድገው ምድሩን በማስጨነቅ ሲሆን በሁለተኛው ሙያን በማሳደግ ነው። በሁለተኛው መንገድ ለመሄድ ግን የሚታገሥ ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ጥራት በአንድ ወቅት አይመጣምና።

4. ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ሕዝባችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው ዕቁብን ነው። ዕቁብ ወለድ የለውም፥ በመተማመን ይቆማል፤ ጉድለቱ ዕጣው ለሁሉ ሲደርስ መፍረሱ ነው፤ ስለዚህ ቋሚ ካፒታል አይሆንም። ቀጥሎ ብድር አለ። በክልሉ ለገበሬ ትንንሽ ብድር በመስጠት የታወቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ዛሬ ጸደይ ባንክ ሆኗል። ብድር ለንግድ መልካም ነው፤ ሆኖም የመክፈያው ቀን ከሥራው ወቅት ጋር ካልተስማማ ገበሬው በጉን ያለ ጊዜው እንዲሸጥ ያስገድደዋል። በግ በእንቁጣጣሽ፥ በገናና በፋሲካ ዋጋ የሚያወጣ ከሆነ የብድሩም ቀን ይህን የተከተለ ይሁን።

ሦስተኛው አክሲዮን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የቆመው የሐበሻ ቢራ ፋብሪካ ከ8,000 የሚበልጡ ባለአክሲዮኖች ያዋጡበት፥ ኋላም የሆላንድ ጠማቂ ኩባንያ ድርሻ የገዛበት፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ቢራ ማውጣት የጀመረ ነው። ይህም ጥቂት ጥቂት ያለው ሕዝብ ሲተባበር ትልቅ ፋብሪካ ለማቆም እንደሚችል ያሳያል። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጥቶ የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ አክሲዮን በግልጽ ገበያ የሚሸጥበት በር ተገኝቷል። ይሁን እንጂ ይህ በር ለትልልቅ ኩባንያዎች እንጂ ለሞላሌ የበግ ማኅበር የሚበቃ አይደለም። ለእንዲህ ያለው ማኅበር የሚቀርበው የኅብረት ሥራ ቁጠባና የሚታገሥ ባለገንዘብ ነው።

ባለገንዘቡም «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደ ተባለው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት አራት ነገር ይጠይቅ። ዋናው ሀብት ምንድን ነው፥ ማንስ ይጠብቀዋል? የሚጠብቀው ሰው ከትርፉ ምን ያገኛል? ጥቅሙ በምን ይለካል፥ የሚለካውስ ማን ነው? ክፉ ዘመን ቢመጣ ጉዳቱን ማን ይሸከማል? ይህ የመጨረሻው ለይስሙላ የተጨመረ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ደርሶ ብዙ ገበሬ ከብቱንና ንብረቱን አጥቷል። ኪሳራው ሁሉ በገበሬው ላይ እንዲወድቅ ሆኖ የተጻፈ ውል መልካም ስም ቢሰጠውም መልካም ውል አይደለም።

በመጨረሻም ለተማሪዎች ጓደኞቻችን የምናቀርበው አንድ ሐሳብ አለ። ባለገንዘብ የሚጠይቀው መለኪያ ከውጭ አገር ተጽፎ እስኪመጣ መጠበቅ የለብንም። ከአንድ በግ በዓመት የሚሸለተው ጠጉር ስንት ኪሎ እንደ ሆነ፥ አንዲት ፈታይ ለአንድ ምንጣፍ የሚሆን ፈትል በስንት ቀን እንደምታደርስና በቀን ስንት እንደሚደርሳት፥ አንድ ሄክታር ግጦሽ ሳይጎዳ ስንት በግ እንደሚችል በየወረዳችን በዕረፍት ወራት መመዝገብ እንችላለን። ለዚህ ሥራ ሚዛን፥ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃሉ። ይህ መዝገብ በእጁ ያለ ማኅበር ከባለገንዘብ ፊት ሲቀርብ ለማኝ ሳይሆን ተዋዋይ ይሆናል።