ሁዳዴን የጾመ ሰው ለብስኩት ለምን ይሸነፋል?

ቁርስ ተዘለለ። ማኪያቶው ያለ ስኳር ተጠጣ። ምሳ ላይ ግማሽ ሰላጣ ተበላና «ዛሬስ አሪፍ ነው» ተባለ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ግን አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ስልክ እየነካኩ አንድ ብስኩት ይከፈታል፤ ፓኬቱ ባዶ እስኪሆን እጅ አያርፍም። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጸጸት፣ «እኔ እኮ ቁርጠኝነት የለኝም» የሚል ራስን መስደብ፣ በነጋታው ደሞ ከዛሬው የጠበቀ ረሃብ። ክብደት ለመቀነስ ከሚታገሉ ጓደኞቼ የምሰማው ታሪክ ከሞላ ጎደል ይሄው ነው።

«ቁርጠኝነት የለኝም» የሚለው ምርመራ ግን አይዋጥልኝም። ይህን የሚለው ሰው እኮ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይቀምስ ይከርማል። ሙስሊም ጓደኛው ደሞ ረመዳንን ሙሉ ከጎህ እስከ ፀሐይ መግቢያ ውሃ እንኳ በአፉ አይዞርም። የክትፎ ሽታ አልፎ የሚሄድ ሰው በአንድ ፓኬት ብስኩት የሚረታው እንዴት ነው?

የእምነቱን ጉዳይ ለባለቤቱ ልተውና አደረጃጀቱን ብቻ እንየው። ጾም ሲገባ ውሳኔው አንድ ጊዜ ተወስኗል፤ በየሰዓቱ «ልብላ ወይስ ልተው» የሚባል ክርክር የለም። ቅቤው ከመደርደሪያ ይነሳል፣ ድስቱ ይታጠባል፣ የሰፈሩ ሥጋ ቤት ሳይቀር ይዘጋል። «ጾመኛ ነኝ» ካላችሁ ማንም ጉርሻ ይዞ አያሳድዳችሁም። ዳይት ላይ ሁሉም ነገር የተገላቢጦሽ ነው። ውሳኔው በየምሽቱ እንደ አዲስ፣ ያውም በደከማችሁበት ሰዓት ይወሰናል። ብስኩቱ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። ዳይት ላይ ነኝ ስትሉ ደሞ ቤተሰቡ ይስቃል።

ኢኮኖሚክስ ውስጥ ይህን የሚያስረዳ ታዋቂ ገጠመኝ አለ። በ1970ዎቹ ሪቻርድ ቴለር የተባለ ወጣት ኢኮኖሚስት ጓደኞቹን እራት ጋብዞ፣ ምግቡ እስኪደርስ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ካሹ አቀረበላቸው። ካሹው በፍጥነት እያለቀ፣ የእራቱም ፍላጎት እየተዘጋ ሲሄድ አይቶ ሳህኑን ወደ ጓዳ ወሰደው። እንግዶቹ አመሰገኑት። ያው ኢኮኖሚስቶች ናቸውና ወዲያው «ምርጫ ተቀንሶብን ለምን ደስ አለን?» ብለው መከራከር ጀመሩ። የመማሪያ መጽሐፍ የሚለው ምርጫ ሲጨምር ሰው ይጠቀማል እንጂ አይጎዳም ነው። ቴለር ግን እንዲህ ያሉ ነገሮችን ሲያጠና ኖሮ በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሳህኑን ማንሳትና ቅቤውን ከመደርደሪያ ማንሳት አንድ ሥራ ነው።

ስለዚህ አምሮትን መታገል ያለባችሁ ማታ በ4 ሰዓት ሳይሆን ሱቅ ላይ ነው። «በካርቶን ሲገዛ ይረክሳል» የሚለው ሒሳብ እውነት የሚሆነው ካርቶኑ ወር ከቆየ ነው፤ በሦስት ቀን ካለቀ ርካሽም አይደለም፣ ቀጭንም አያደርግም። አምሮቱ ሲጠና ልብስ ለብሶ ሱቅ ሄዶ አንዷን ትንሽ ፓኬት መግዛት ይሻላል። ለአንዷ የሚከፈለው ይበዛ ይሆናል፣ ግን ግማሹን ጊዜ መነሳቱ ራሱ ይሰለቻችኋል። ስልካችሁ ላይ ያለውን የምግብ ማድረሻ አፕም አትርሱት። ሱቁን ወደ አልጋችሁ ያመጣው እሱ ነው፤ አጥፍታችሁት ስትፈልጉ እንደገና ጫኑት።

ይህ ግን በእውነት ለራበው ሰው አይሠራም። በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንሰል ኪስ የሚባል ተመራማሪ 36 ጤነኛ ፈቃደኛ ወንዶችን ለስድስት ወር ያህል ከለመዱት ግማሽ ገደማ ምግብ ብቻ እየሰጠ አጥንቷቸው ነበር። ሰዎቹ ስለ ምግብ ብቻ የሚያስቡ ሆኑ። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብና መሰብሰብ የጀመሩም ነበሩ። ገደቡ ሲነሳ አንዳንዶቹ በልተው መጥገብ አቃታቸው። እነዚህ ቀድሞ ሆዳም የነበሩ ሰዎች አይደሉም። ቁርስ ዘልሎ በሰላጣ የዋለ ሰውም በትንሹ ይሄው ነው የሚገጥመው፤ የቀኑን ረሃብ በዱቤ ይዞ ማታ ከነወለዱ ይከፍላል። ምሳ ላይ ሽሮ ወይም ምስር ከጎመን ጋር፣ ወይም እንቁላል፣ በልኩ እንጀራ ብሉ። ፕሮቲንና አሰር ያለበት ምግብ ቶሎ አያስርብም።

የመክሰሱ ዓይነትም ለውጥ አለው። በ2019 የወጣ የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ጥናት 20 ሰዎችን ለአራት ሳምንት አንድ ማዕከል ውስጥ አቆይቶ፣ ሁለቱን ሳምንት በፋብሪካ እጅግ የተቀነባበረ፣ ሁለቱን ሳምንት ደሞ ብዙም ያልተነካካ ምግብ አቀረበላቸው። የቀረበው ስኳር፣ ስብ፣ ጨውና አሰር ተመጣጣኝ ነበር፤ የፈለጉትን ያህል መብላትም ይችሉ ነበር። በፋብሪካው ምግብ ጊዜ ግን በቀን 500 ካሎሪ ገደማ ጨምረው በሉ፤ በፍጥነትም በሉ። ቆሎ ጥርስ ያደክማል፣ ጥቅሙም እሱ ነው። ነገር ግን ለውዝ ሲበዛበት ይጠንቀቁ፣ 100 ግራም ለውዝ 570 ካሎሪ ገደማ አለው። ከከረጢቱ ከመዝገን በቡና ስኒ ሰፍሮ ከረጢቱን መመለስ ነው። ጾምም ብቻውን አያቀጥንም፤ ፓስታ፣ ሳምቡሳና ችብስ ሁሉም የጾም ናቸው።

ሌሊቱን ከቲክቶክ ጋር ለምታነጉ ደሞ፦ በ2004 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 12 ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ አስተኝተው ሲመረምሩ፣ 10 ሰዓት ከተኙበት ጊዜ ይልቅ የረሃብ ስሜታቸው 24 በመቶ ጨምሮ አገኙት። በተለይ ያማራቸው ጣፋጭ፣ ጨዋማና የዱቄት ምግብ ነበር።

አስቸጋሪው ሰው ነው። እኛ ጋ «ተመችቶሃል» የሚባለው ለወፈረ ሰው ነው፤ ለከሳ «ምነው፣ ታመምሽ እንዴ?»። አክስት ቤት «ጠግቤያለሁ» ማለት ድርድር መክፈት ነው፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል። ከትሪ ስትበሉ ምን ያህል እንደበላችሁም አይታይም። ዘግይቶ መጀመርና ቀስ ብሎ መጉረስ ከመከራከር ይሻላል፤ ጉርሻውንም ተቀበሉ፣ ግን ቀጥሎ ለባለቤቷ መልሱ። ከሁሉም የሚጠቅመው አብሯችሁ የሚኖር አንድ ሰው ቢስማማላችሁ ነው፤ ጾም የሚቀለው ብቻችሁን ስላልሆናችሁም ነውና።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው። ተደብቆ ብዙ መብላት፣ ማቆም እያቃተ መብላት፣ ከበሉ በኋላ ሆን ብሎ ማስመለስ በተደጋጋሚ ካለ የብስኩት ርቀት ጉዳይ አይደለም። ሕክምና ያለው ሕመም ነውና ሐኪም ወይም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋ ይኬዳል፤ ማፈርም የለም።

ለቀረነው፣ ትናንት ማታ ፓኬቱ ያለቀበት ሰው ዛሬ ጠዋት ለቅጣት ቁርስ አይዝለል። እንቁላል በቃሪያ ይሥራና ቁጭ ብሎ ይብላ።