«እመርጠዋለሁ፣ ግን አልወደውም» የሚል ባልደረባ ሲገጥማችሁ

አሜሪካ ውስጥ በምርጫ ሰሞን ሥራ ቦታ ላይ ፖለቲካ ማውራት የሚከብደው ከጦፈ ደጋፊ ጋር ሊመስላችሁ ይችላል። ከጦፈ ደጋፊ ጋር ግን ነገሩ ያለቀ ነው፤ ኮፍያውን አይታችሁ ወሬ ትቀይራላችሁ። ግራ የሚያጋባው ሌላኛው ነው። ምሳ ላይ የምርጫ ወሬ ሲነሳ ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ «ያው የእኛን ሰውዬ ነው የምመርጠው፤ እውነቱን ለመናገር ግን አልወደውም» የሚለው።

ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ፓርኪንግ፣ ኤርፖርትና ቢሮ የሚሠራ ሐበሻ ይህን ሰው በደንብ ያውቀዋል። አዲስ ለመጣ ልጅ ግን እንቆቅልሽ ነው። እኛ ጋ «መሃል ሰፋሪ» የምትባል ስድብ አለች። ወይ ከእኛ ነህ፣ ወይ ከእነሱ። በግማሽ ልቡ የሚደግፍ ሰው ወይ ፈሪ ነው ወይ የደበቀው ነገር አለ ይባላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ባልደረባ ሲገጥመን ወይ «አቋም የለውም» እንላለን፣ ወይ ደግሞ «ትንሽ ብገፋው ወደ እኔ ይመጣል» ብለን እንጓጓለን። ሁለቱም ብዙ አያስኬዱም።

ፓርቲው የራሱ፣ እጩው የሌላ ሰው

እዚያ አገር «ዲሞክራት ነኝ» ወይም «ሪፐብሊካን ነኝ» ማለት እኛ የምናውቀው ዓይነት አባልነት አይደለም። ወርሃዊ መዋጮ የለም፣ ስብሰባ የለም፣ ግምገማ የለም። ሜሪላንድ ላይ ለመራጭነት ሲመዘገብ ፎርሙ ላይ የፓርቲውን ስም ይመርጣል፣ በቃ። የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ላይ ከተመዘገበ ደግሞ ፓርቲህ ማነው ብሎ የሚጠይቀውም የለም።

እጩው የሚለየው ፕራይመሪ በሚሉት የውስጥ ምርጫ ነው። እዚያ ላይ የፈለጉት ሰው ሊሸነፍ ይችላል። በ2016 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዶናልድ ትራምፕ የሪፐብሊካን እጩ ሲሆኑ ያገኙት የፓርቲውን የፕራይመሪ ድምፅ 45 በመቶ ገደማ ነበር። ከግማሽ በላይ የሆነው መራጭ መጀመሪያ የፈለገው ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው። በዚያው ዓመት በዲሞክራቶች በኩል 13 ሚሊዮን ገደማ ድምፅ ለበርኒ ሳንደርስ ሄዶ እጩ የሆኑት ሂላሪ ክሊንተን ናቸው።

ኖቬምበር ሲደርስ ግን ማሸነፍ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ሦስተኛ ሰው መምረጥ ይቻላል፤ ግን አብላጫ ያገኘ ሁሉን በሚወስድበት ሥርዓት ድምፁ ባክኖ ይቀራል ብሎ የሚፈራው ብዙ ነው። ስለዚህ ያ ባልደረባችሁ በአማርኛ «የባሰ አታምጣ» የምንለውን ጸሎት ጸልዮ ነው ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚሄደው። አቋም አለው። አቋሙ ግን ከሰውየው ጋር የተያያዘ አይደለም።

ያኮረፈ ሁሉ አይከዳም

2024ን እንውሰድ። ፌብሩዋሪ ላይ በሚሺጋን የዲሞክራቶች ፕራይመሪ ከ100 ሺህ በላይ መራጮች ጆ ባይደንን ከመምረጥ ይልቅ «አልወሰንኩም» የሚለው ላይ ምልክት አደረጉ። ብዙዎቹ በጋዛ ጦርነት ተቆጥተው ነበር። ኤፕሪል ላይ ደግሞ በፔንሲልቬንያ የሪፐብሊካን ፕራይመሪ ከ150 ሺህ በላይ ሰዎች ኒኪ ሄሊን መረጡ። ሄሊ ከውድድሩ ከወጡ ከወር በላይ ሆኗቸው ነበር! ትራምፕ እጩ መሆናቸው እያለቀለት ሰው ወጥቶ «አልወደድኩትም» ብሎ መመለሱ ነው።

ኖቬምበር ላይ ምን ሆነ? ባይደን ቀድመው ወጥተው ካማላ ሃሪስ ተተክተዋል። ትራምፕ ፔንሲልቬንያን በ120 ሺህ፣ ሚሺጋንን በ80 ሺህ ገደማ ልዩነት አሸነፉ። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ ከተጠየቁ መራጮች በሁለቱም በኩል ከአሥሩ ዘጠኝ የሚበልጠው ለራሱ ፓርቲ እጩ ነው የመረጠው። ኩርፊያው እውነት ነበር። ቢሆንም አብዛኛው ኩርፊያውን ይዞ ቤቱ ገብቷል።

የቀሩት ጥቂቶች ግን ቀላል አይደሉም። በ2016 ሚሺጋን፣ ዊስኮንሲንና ፔንሲልቬንያ አንድ ላይ የተወሰኑት ከ80 ሺህ ባነሰ ልዩነት ነው። ምርጫ ቀን ቤቱ የቀረ፣ ወይም ሳይወድ ተነስቶ የሄደ ሰው አገር ሊቀይር ይችላል። ሁለቱም ፓርቲዎች የማይወዷቸውን የራሳቸውን ሰዎች የሚለማመጡት ለዚህ ነው።

የአርሰናል ደጋፊውን አስቡት

የመጀመሪያው ፈተና ባልደረባው እጩውን ማማት ሲጀምር አብሮ አለመሳደብ ነው። ይሄን ለመረዳት ፖለቲካ መማር አያስፈልግም። አርሰናል ደጋፊ የሆነ ጓደኛችሁን አስቡት። ሳምንቱን ሙሉ አሠልጣኙን ሲረግም ይከርማል። የማንቼው ደጋፊ «አዎ እኮ፣ ምንም አያውቅም» ያለ ዕለት ግን ጠበቃ ይሆናል። የቤቱን ጉድ እሱ ያውራው እንጂ ጎረቤት እንዲያወራለት አይፈልግም።

ባልደረባችሁም እንደዚያው ነው። «እኔም እኮ ሰውየው ሌባ ነው ስል ነበር» ካላችሁት፣ ሲያማው የነበረውን እጩ መከላከል ይጀምራል። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ከማይወደው ሰው ጎን ያሰለፋችሁት እናንተው ናችሁ።

ሁለተኛው ጥያቄን እንደ መርማሪ ፖሊስ አለመጠየቅ ነው። «ታዲያ ካልወደድከው ለምን ትመርጠዋለህ?» የምትለው ጥያቄ፣ ጥያቄ ብትመስልም ክስ ናት። «ፕራይመሪው ላይ ማንን ነበር የፈለግከው?» ብትሉት ግን ፊቱ ይፈታል። «ከሁሉ በላይ የሚያሳስብህ የቱ ነው?» ስትሉት ደግሞ እውነተኛው ምክንያት ይወጣል፤ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ግብር፣ ድንበር፣ ፅንስ ማቋረጥ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ2016 ፌብሩዋሪ ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ሞተው ወንበራቸው እስከ ምርጫው ድረስ ክፍት ነበር። ትራምፕን በጸባያቸው የማይወዱ ብዙ ወግ አጥባቂዎች ለዚያ ወንበር ብለው መረጧቸው። ትራምፕ በአራት ዓመት ሦስት ዳኞች ሾሙ፤ በ2022 ፍርድ ቤቱ ፅንስ ማቋረጥን በመላ አገሪቱ ሲጠብቅ የቆየውን የ1973 ውሳኔ ሻረ። ፕሬዚዳንት ለአራት ዓመት፣ ዳኛ ለዕድሜ ልክ ብለው ያሰሉት ሰዎች የፈለጉትን አገኙ። ውጤቱን ውደዱትም ጥሉትም፣ «አልወደውም ግን እመርጠዋለሁ» ያለው ሰው ሒሳብ ሳይሠራ አልነበረም።

እኛን የሚነካው ጋ ስንደርስ

እስካሁን ያለው ለማንም ይሠራል። ለእኛ ሰው ግን ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የባልደረባችሁ ትከሻ መስበቅ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለች እህታችሁን ሊነካ ይችላል። ዲቪን አስቡት። በ1990 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው፤ በ2017 ኒውዮርክ ላይ በዲቪ የገባ ሰው በመኪና ሰው ከገደለ በኋላ ትራምፕ ይቅር ብለው ምክር ቤቱን ጠይቀዋል። አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ ሳንድዊች የሚበላው ሰው ግን ዲቪ ምን እንደሆነ ሰምቶ ላያውቅ ይችላል። «የውጭ አገር ሰው ጉዳይ» ብሎ ያለፈው ነገር እናንተ ቤት የአሥር ዓመት ተስፋ ነው።

ለብ ያለው ደጋፊ ከጦፈው የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ለሰውየው ጥብቅና ስላልቆመ፣ ስለ ጉዳዩ ብትነግሩት የሚሰማበት ጆሮ አለው። «እህቴ በየዓመቱ ፎርም ትሞላለች፤ ይሄ ነገር ከተዘጋ ሌላ መንገድ የላትም» ማለት ክስ አይደለም፣ ወሬ ነው። ድምፁን ላይቀይር ይችላል። ግን በሚቀጥለው ጊዜ «ስደተኞች» የሚል ቃል ሲሰማ አንዲት የሚያውቃትን ሰው ያስባል። ከአንድ የምሳ ሰዓት ከዚህ በላይ መጠበቅ ትርፉ ድካም ነው።

ከማውራታችሁ በፊት

ጥቂት ነገር እወቁ። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የሚጠብቀው የመናገር ነፃነት የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ የግል ቀጣሪ ሥራ ላይ ፖለቲካ አታውሩ ብሎ መከልከል በአብዛኛው ይችላል። ዋሽንግተን ከተማ ላይ ሰውን በፓርቲው ምክንያት ማግለል በሕግ የተከለከለ ነው፤ ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሆናችሁ ደግሞ ከ1939 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ፣ በሥራ ሰዓት ለእጩ መቀስቀስ አይቻልም።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ማውራት ትችላላችሁ፤ በፌዴራል ምርጫ መምረጥ ግን አትችሉም። «ማን ያየኛል» ብሎ መምረጥ እስከ መባረር ያደርሳል። ይህንን በቀልድም አትንኩት።

ሺፍት የሚያወጣላችሁ አለቃ «እጩዬን አልወደውም» ቢላችሁ ደግሞ ሰምታችሁ እለፉ። አለቃና ሠራተኛ እኩል አይከራከሩም። እናንተም አለቃ ከሆናችሁ ከሥራችሁ ያለው ልጅ «እኔም ያን ያህል አልወደውም» ማለቱ እናንተን ላለማስቀየም ሊሆን እንደሚችል አስቡ።

ከምርጫው ማግስት ማንም ያሸንፍ፣ ያ ባልደረባ ያው ቦታው ላይ ነው፤ ሺፍት ትቀያየራላችሁ፣ መኪናችሁ ሲበላሽ ቤት ያደርሳችኋል። የእሱ ሰው ካሸነፈ «ደስ አለህ?» ብላችሁ አትነዝንዙት። ከወር ከሁለት ወር በኋላ «ያሳስበኛል ያልከው ነገር እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁት።