የዓመቱ መዝጊያ ምስጋናና ያልተገኙት ልጆች

ሰኔ 30 በየአጥቢያችን ሁለት መዛግብት የሚዘጉበት ጊዜ ነው። አንዱ የሰበካ ጉባኤው የሒሳብ መዝገብ ሲሆን ሁለተኛው በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥር የሚተዳደረው ትምህርት ቤት የተማሪዎች መዝገብ ነው። የመጀመሪያው በኦዲተር ይመረመራል። ሁለተኛው ግን ጸሎት ተደርሶ፣ መዝሙር ተዘምሮ፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ለወጡት ሽልማት ተሰጥቶ ይዘጋል። ይህም መልካም ነው፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውም ዕለቲቱን ይናፍቋታል። እኛ ለማሳሰብ የምንወደው ከዚህ ምስጋና ውስጥ ስለሚጎድለው ነገር ነው።

በቅዳሴያችን የሚደርሰው ጸሎተ አኰቴት እግዚአብሔርን የሚያመሰግነው ስለ ጠበቀን፣ ስለ ረዳንና እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ነው። የምስጋናው ምክንያት መድረሳችን ከሆነ፣ ያልደረሰው ማን እንደ ሆነ መጠየቅም ከምስጋናው አይለይም። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከዐሥሩ ለምጻሞች አንዱ ሊያመሰግን በተመለሰ ጊዜ፣ ጌታችን ስለ ቀሩት ዘጠኙ ጠይቋል። እርግጥ ነው፣ እነዚያ የተወቀሱት ባለማመስገናቸው ነው፤ ከትምህርት ገበታ የቀሩት ልጆቻችን ግን አብዛኞቹ የቀሩት በራሳቸው ጥፋት አይደለም።

በአንድ የገጠር አጥቢያ የመዝጊያ በዓል ላይ ተገኝተን ነበር። ሽልማቱ ተሰጥቶ ሲያበቃ አንድ አረጋዊ ቄስ የመስከረሙን የስም ዝርዝር አስመጥተው አንድ በአንድ አስነበቡ። «አቤት» የሚል ያልተገኘባቸው ስሞች ሲጠሩ ሕዝቡ ጸጥ አለ። አንዲቱ ልጅ እናቷ ታምመውባት ታናናሾቿን ለመጠበቅ ቀርታለች፤ አንዱ ከብት ጠባቂ ሆኖ ተቀጥሯል፤ አንዱ ግን የት እንዳለ የሚያውቅ አልተገኘም። ጉባኤው ሳይበተን የየልጆቹ የንስሐ አባቶች በየስማቸው ተመደቡ፤ ሐምሌ ሳይጋመስም ወደየቤታቸው ሄደው እንዲጠይቁ ተወሰነ። ለዚህ ሥራ የወጣ ገንዘብ የለም።

በዚያው ቅጥር አጠገብ ደግሞ ስማቸው ከነጭራሹ በመዝገቡ የሌለ ተማሪዎች አሉ። የአብነት ትምህርት ቤት የዓመት መዝጊያ የለውም፤ ልኩ መጽሐፉ ነው። ፊደል ቆጥሮ፣ መልእክተ ዮሐንስንና ወንጌልን አንብቦ ዳዊት ለደገመ ልጅ ወላጆቹ ድግስ ደግሰው የኔታን ያመሰግናሉ። አንድ ዓመት ቢፈጅበትም ሦስት ዓመት ቢፈጅበትም ወደቀ የሚለው የለም። ዜማ ወይም ቅኔ ፍለጋ ከቀየው ርቆ የሄደው ተማሪ ግን ይህን የሚያደርግለት ዘመድ በአጠገቡ የለውም። ሌሎች ልጆች ለዕረፍት ወደ ቤታቸው በሚገቡበት በክረምት እርሱ አኩፋዳውን ይዞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በየደጁ ይቆማል። ወቅቱም የገበሬው ጎተራ የሚጎድልበት ነው፤ ሊመጸውት የሚወድ ሁሉ የሚመጸውተው አያገኝም። ጎጆው ያፈሳል፣ ልብሱ አይደርቅም። ተማሪዎቹ ለብርድ ተጠጋግተው ስለሚያድሩ በቅማል የሚተላለፍ ትኩሳት ከአንዱ ወደ ሌላው በቀላሉ ይሻገራል። ዛሬ በመቅደስ የምናገለግል ካህናት ብዙዎቻችን ያደግነው በእንዲህ ያለ ጎጆ እንደ ሆነ አንዘነጋውም።

ስለዚህ ሐምሌ 1 የሚጀምረው አዲስ በጀት ሲዘጋጅ፣ ለክረምቱ ማሳለፊያ የሚሆን እህል፣ ሳሙናና የጎጆ ክዳን በግልጽ የወጪ ርእስ እንዲያዝላቸው እንጠይቃለን። ተራፊ ሲገኝ ይታሰብበታል ተብሎ የተተወ ወጪ በሐምሌና በነሐሴ አይደርስም። የየኔታ ቀለብና ደመወዝም እንዲሁ ነው፤ ብዙዎቹ መምህራን ከተማሪዎቻቸው ባልተሻለ ኑሮ ወንበር ዘርግተው ያስተምራሉ፤ በመዝጊያው በዓል ግን ስማቸው ሲጠራ የምንሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

በዓሉን አስቀድማችሁ ያከበራችሁ አጥቢያዎችም ብትሆኑ ጊዜው አላለፈባችሁም። እስከ መስከረሙ ምዝገባ ሁለት ወር አለ፤ የስም ዝርዝሩም በርእሰ መምህሩ እጅ ይገኛል።